በካርጎ የላክሁት ጋቢ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ደሴ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ብቅ እያለ "አሜሪካ እንዴት ናት?" ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ? እኔ ያየኋት አሜሪካ ከጫፍ እስከ ጫፍ በበረዶ ተሸፍና ስለነበር ከበረዶው ሥር ምን እንዳለ አላውቅም። ሐውልት አላየሁም፤ ታላላቅ ሕንፃዎችንም ሳልፍ በመስኮት ነው ያየሁት። ያየሁት መንገድ፣ የሰው ቤትና አንድ ካርቶን ሲጠበቅ ነው። እሱኑ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ፤ በተለይ ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ፋናዬ። ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ በሬን አንኳኩታ "በርበሬዬ ደረሰ ወይ?" ብላኛለች። ደርሷል፣ ፋናዬ። እንዴት እንደደረሰ ግን በር ላይ ቆሞ የሚነገር አይደለም።

ለማያውቀኝ፣ አስካለ እባላለሁ። ሠላሳ ዓመት ደሴ ፖስታ ቤት እሽግ ስቀበልና ሳስረክብ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። እጄ ሚዛን ነው፤ አንድ ነገር ካነሳሁ ኪሎውን አልስትም። እሽጉ ያልደረሰለት ሰው መስኮቴ ላይ ሲመጣ ከመዝገቤ ቀና ሳልል "ነገ ብቅ ይበሉ" እል ነበር። በክረምት ጣርማ በር ላይ መንገድ ሲበላሽ ይህን ቃል በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ እለው ነበር። ለምን እንዳነሳሁት ወደ ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

የሄድኩት ለክርስትና ነው። የእህቴ የየሺ ልጅ ሰናይት ሲልቨር ስፕሪንግ የምትባል፣ ከዋሽንግተን ጋር የተያያዘች ከተማ ውስጥ ትኖራለች። በጥቅምት መጨረሻ ሴት ልጅ ወለደች። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፤ እናትየዋም እስከዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ክርስትና የማነሳት እኔ እንድሆን ተባለ። የሺ ባለፈው ዓመት ሞታብናለች። ሰናይት ወረቀቷ ስላላለቀ ከአሜሪካ መውጣት አልቻለችም፤ የእናቷን ቀብር በስልክ ነው ያየችው። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ እንባዬን ስጠርግ ስልኩ እየዘነበለ በደንብ እንኳን አላሳየኋትም።

የሺ ከመሞቷ በፊት ሁለት ክረምት ሙሉ ጥጥ ስትፈትል ነበር። ለማን ነው ስትባል "ለሰናይት ልጅ" ትላለች፤ ያኔ ሰናይት ገና አላገባችም። ሸማኔው ለሕፃን በሚሆን መጠን ልሥራው ወይ ቢላት፣ "ልጅ ያድጋል፤ ሙሉውን ሥራው" አለችው። ሙሉ ጋቢ ሆነ፣ ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም። ሰናይት ይህን ታውቃለች። ከወለደች ጀምሮ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ጋቢው ነበር። ልጇ ከጥምቀቱ ውሃ ስትወጣ በአያቷ ፈትል እንድትጠቀለል ነው የፈለገችው። ሌላ ምንም አምጪልኝ አላለችም።

ታዲያ ምን አደረግሁ? የተፈቀደልኝ ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ ሃያ ሦስት ኪሎ። ደሴ ላይ አንድ ሰው አሜሪካ ሊሄድ ነው ከተባለ ቤቱ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሽሮ ሮክቪል የሚባል ከተማ ላለ ልጅ፣ ኮሰረትና ድርቆሽ ሎረል ለሚኖሩ ዘመዶች፣ የሐበሻ ቀሚስ ለማላውቃት ሙሽራ። ሻንጣዎቹን መዝኜ ከዘጋሁ በኋላ ፋናዬ ስምንት ኪሎ በርበሬ ይዛ መጣች፤ እዚያው ዋሽንግተን አጠገብ አሌክሳንድሪያ ለሚኖረው ልጇ ለጌታሁን። ይሉኝታ ያዘኝና እምቢ ማለት አልቻልኩም። የእጅ ቦርሳዬም ሞልቷል፤ ከሻንጣው የግድ የሚወጣ ነገር አለ። የሰው አደራ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ አይላክም፤ ከእጄ ወደ እጃቸው መግባት አለበት። የራሴን ዕቃ ግን ማንም አይጠይቀኝም አልኩ። የራሴን ልብስ አብዛኛውን ቤት ትቼ፣ ጋቢውን ለሕፃኗ ከገዛኋቸው ልብሶች ጋር በካርቶን አድርጌ፣ ከበረራዬ አምስት ቀን ቀድሜ አዲስ አበባ ስገባ ለካርጎ ቤት ሰጠሁት። ሠራተኛው "በአምስት ቀን እዚያ ነው፤ ከእርስዎ ቀድሞ ይደርሳል" አለኝ። እኔም፣ ሠላሳ ዓመት እንዲህ እያልኩ የኖርኩት ሴትዮ፣ አመንኩት።

ሰኞ ማታ ከቦሌ ተነሳሁ። ስለ በረራው የምለው የለኝም፤ ወንበሩ ከደሴ አዲስ አበባ አውቶቡስ ይጠባል፣ ምግቡ ግን በሰዓቱ ይመጣል።

ማክሰኞ ጠዋት ፍራንክፈርት ገባሁ። አውሮፕላን ቀይሬ በዚያው ቀን ዋሽንግተን መግባት ነበረብኝ። ሰሌዳው ላይ ከዋሽንግተን ጎን ቀይ ጽሑፍ አየሁ። እንግሊዝኛዬ የፖስታ ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ ግን መሰረዙን ለማወቅ በቃኝ። ባንኮኒው ላይ ያለችው ሴት በቀስታ አስረዳችኝ፤ የአሜሪካ ምሥራቁ ወገን በሙሉ በከባድ በረዶ ተይዟል፣ የሚያርፍም የሚነሳም የለም። ሆቴል ሰጡን። ኮምቦልቻ ዳገት ላይ አውቶቡስ ሲበላሽ ሰው ወርዶ ይተዋወቃል፣ ስንቁን ያወጣል፣ ሾፌሩን በጋራ ያማል። እዚህ ግን ሁሉም ስልኩን ይዞ አንገቱን ደፋ። ከቦርሳዬ ዳቦ ቆሎ አውጥቼ አጠገቤ ለተቀመጡት ዘረጋሁ። አንድ ሰውዬ አንዲት ፍሬ ብቻ አንስቶ እንደ መድኃኒት ዋጣት። ሌሎቹ አፍረው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን ሻንጣዬን እየተጋገዙ አወጡልኝ።

ከሆቴል ለሰናይት ደወልኩ። በረዶው እሷም ጋ መስኮቱን ሊደፍነው ነው አለችኝ። ለእኔ መጉላላት አዘነች፤ ልብስሽ በቂ ነው ወይ አለችኝ። ቀጥሎ "እትዬ፣ ጋቢውን በእጅሽ ነው አይደል የያዝሽው?" አለች። ይዤዋለሁ አልኳት። ቃሉ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ካርቶኑ ቀድሞኝ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ እንደደረስኩ ሄጄ አነሳዋለሁ፣ ማንም አያውቅም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ረቡዕም እዚያው ዋልኩ። ለአልጋው አራት ትራስ ቢሰጡኝም ራሴ ሁሉም ውስጥ ይሰምጣል፤ የለበስኩትን ነጠላ አጣጥፌ እሱን ተንተራስኩ። ክፍል የምታጸዳው ሴት በሸራ ጫማ መቆሜን አየችና ራሷን ነቅንቃ ወጣች። ስትመለስ ሰው ረስቷቸው የሄዱ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲዎች ይዛ መጣች፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ግራጫ። የጋራ ቋንቋ የለንም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ፤ እሷም እንደኔው ጎንበስ አለች። ይህን ስጽፍ ቀዩን ለብሼዋለሁ።

ሐሙስ በረርን። ከሰዓት በኋላ ዋሽንግተን ላይ ስንወርድ ከታች ምድሩ በሙሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ መንገዱ ከእርሻው፣ እርሻው ከጣሪያው አይለይም። ሻንጣዎቼ ሁለቱም መጡ። ሽሮው፣ ኮሰረቱ፣ በርበሬው፣ የሙሽራዋ ቀሚስ ሁሉም በደህና ደረሱ። የሰው አደራ በሙሉ እግሬ ሥር ቆሞ የእኔው ብቻ የት እንዳለ አላውቅም።

የሰናይት ባል ዳንኤል ደወለ። መኪናው በበረዶ ተቀብሯል፣ ያሉበት መንገድም አልተጠረገም፤ ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ይመስላል። ነገሩን የጨረሰው የፋናዬ ልጅ ጌታሁን ነው። አሌክሳንድሪያ በከተሞቹ መሐል ከሚያልፈው ወንዝ ወዲህ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወገን ስለሆነች ዛሬ እኔ ጋ ይደሩ ብሎ መጣልኝ። ሕፃን ሆኖ ነው የማውቀው፤ አሁን ራሱ ላይ ሽበት ጀምሮታል። ሆቴል ውስጥ የእንግዳ መኪና የማቆም ሥራ ይሠራል። እጄን ስሞ ካፖርቱን አውልቆ አለበሰኝ፤ እሱ በሹራብ ብቻ ቀረ።

በእግር ፍጥነት ነበር የምንሄደው። የእኛ አገር በረዶ ሲወርድ ቆርቆሮው ላይ ይንጫጫል፣ ቤት ውስጥ መደማመጥ አይቻልም፤ ሩብ ሰዓት አስደንግጦን ይቀልጣል። የዚያ አገሩ ድምፅ የለውም። ዝም ብሎ ወርዶ፣ ዝም ብሎ ተኝቶ፣ አልነሳም ይላል። በመንገዱ ዳር ረጃጅም የጭነት መኪናዎች እንደ ባቡር ተሰልፈው ቆመው አየሁ። ሾፌሮቹ ውስጥ ናቸው፤ የአንዳንዱ መስኮት በትንፋሽ ጉም ለብሷል። ለምን ቆሙ ብዬ ጠየቅሁ።

"ትራክ እንዳይሄድ ተከልክሏል፣ እትዬ አስካለ። አንዱ ሃይዌዩ ላይ ከተንሸራተተ ሁሉም ብሎክ ይሆናል። አንዳንዶቹ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እዚሁ ናቸው።"

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ካርጎስ በምን ይደርሳል አልኩት። ከአውሮፕላን በኋላ በእነዚሁ ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ የመኪናዎቹን ሰሌዳ እያነበብኩ ሄድኩ።

የጌታሁን ቤት በአንድ ትልቅ ፎቅ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ክፍል ነው። መኪናውን ያቆመበት ቦታ መሐል ላይ የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች ቆመው ነበር። ግማሽ ቀን በአካፋ የጠረገውን ቦታ ሌላ ሰው እንዳይገባበት ነው። የቤቱ ወንበሮች አራት ናቸው፤ መኪናው ከገባ በኋላም ለነገ ብሎ ሁለቱን እዚያው ጥግ አስቀመጣቸው። ስለዚህ እራት ላይ ጌታሁን ቆሞ በላ። ባለቤቱ ብርቱካን የሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ ተተኪ መምጣት ስላልቻለ ሁለት ሌሊት ሆቴሉ ውስጥ አድራ ያን ቀን ነበር የተመለሰችው። ዓይኗ እየተከደነ የእናቱን በርበሬ ከፍታ ሥጋ ወጥ ሠራችልኝ። ደሴ ላይ እንግዳ አልጋ ይለቀቅለታል፣ እንግዳውም እምቢ ይላል፣ ይጨቃጨቃሉ። አሌክሳንድሪያም ያው ነው። ብርቱካን ጭቅጭቁን አሸንፋ እኔ አልጋው ላይ፣ እነሱ ምንጣፍ ላይ ተኛን።

ዓርብ ጠዋት ጌታሁን ወደ ሰናይት የምንሄድበትን መንገድ ሲያሰላስል፣ መጀመሪያ ካርጎ ቤቱ ጋ አድርሰኝ አልኩት። ካርጎ ቤቱ እዚያው አሌክሳንድሪያ ነው። ምን ልከው ነው ሲለኝ መዋሸት ሰለቸኝና ነገርኩት። የሺን፣ ፈትሉን፣ የሰናይትን ልመና፣ ነገ ሰማንያው መሆኑን። ሻንጣው ስለሞላ አወጣሁት አልኩ። በምን እንደሞላ አልነገርኩትም፤ እሱ ግን ሞኝ አይደለም።

"ስንት ኪሎ ነበር ጋቢው?" አለኝ።

"ሁለት ከሦስት መቶ።"

በርበሬው ያለበትን ቁም ሣጥን አየ። ብርቱካንም አየች። ከዚያ ተነስቶ ካፖርቱን መልሶ አለበሰኝና ወጣን። መኪናው በሌሊት ተመልሶ በረዶ ለብሶ ስለነበር በእግር ሄድን። በደህናው ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው ያለኝ መንገድ ክንዱን ይዤ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። አንድ ጊዜ ወደቅሁ። እሱ ሊያነሳኝ ሲል እሱም ወደቀ፤ በበረዶው ላይ ተቀምጠን ጥቂት ሳቅን።

ካርጎ ቤቱ ከፊት እንጀራና ቅመም የሚሸጥ ሱቅ፣ ከኋላ ባዶ መጋዘን ነው። መጋዘኑ ባዶ መሆኑን እንዳየሁ መልሱን አወቅሁት። ሌሎችም ቆመው ይጠብቃሉ። አንዷ ሌላ ሙሽራ ናት፣ የሠርጓ ካባ ነው የቀረባት፤ ሠርጓ ነገ ነው። ባለቤቱ ስልኩ ላይ እያቀረቀረ ለሁሉም አንድ ነገር ይደጋግማል። ዕቃውን የያዘው አውሮፕላን ዋሽንግተን ማረፍ አልቻለም፣ ኒው ዮርክ አራገፈ። ከዚያ በጭነት መኪና ተጭኗል፣ መኪናው ግማሽ መንገድ ላይ ከሌሎች መቶዎች ጋር ቆሟል። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ መጀመሪያ የሚለቀቀው መድኃኒትና ምግብ የጫነው ነው። ሾፌሩ የላከለትን ፎቶ አሳየን፤ ነጭ ነገር ውስጥ ያሉ ቀይ መብራቶች ብቻ ናቸው የሚታዩት። ተራዬ ሲደርስ የካርቶኔን ቁጥር ነገርኩት። ቀና አላለም።

"ነገ ብቅ ይበሉ፣ እናቴ" አለኝ።

የገዛ ድምፄን የሰማሁ መሰለኝ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ዓመት፣ መስኮቴ ላይ ቆሞ ምን ሲጠብቅ እንደነበር አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ስንቱ የእናቱን ነገር ሲጠብቅ ኖሯል? በሰውዬው ግን መናደድ አልቻልኩም።

"የኔ ልጅ፣ ቀና ብለህ ንገረኝ" አልኩት።

ቀና አለ። ዓይኖቹ ደም መስለዋል፤ ሦስት ቀን ሱቁ ውስጥ ነው ያደረው። ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ ወንበር አመጣልኝና ሻይ ሰጠኝ። ነገ አይደርስም እናቴ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም፣ ምናልባት ሰኞ አለኝ። የካርቶኑን ቁጥር መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው። እውነቱን በማወቄ፣ ቢመረኝም፣ አመሰገንኩት።

እኩለ ቀን ላይ ከመሬት በላይ የሚሄደው ሜትሮ ተከፈተ ተባለ። ጌታሁን ሁለቱን ሻንጣ ይዞ፣ አንድ ባቡር ቀይረን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አደረሰኝ። ባቡሩ እየቆመ እየሄደ ሁለት ሰዓት ወሰደ። ዳንኤል ጣቢያው በር ላይ አካፋ ይዞ ይጠብቀን ነበር፤ መንገዱን እየጠረገልን ነው እቤት የገባነው። ጌታሁን የሰናይትን ፊት ማየት አልፈለገም መሰለኝ፣ ከደጅ ተመለሰ።

ሰናይት ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከስታለች፣ እናቷን መስላለች። ተቃቅፈን ትንሽ ቆየን። ሕፃኗን ተቀበልኳት፤ አምስት ኪሎ ጥቂት ፈሪ። ከዚያ ሰናይት ወደ ሻንጣዎቹ ዞረች። የትኛው ውስጥ ነው አለች፣ በፈገግታ። ቁጭ በይ አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት። በስልክ መዋሸቴንም ነገርኳት። ክርስትናው ለሳምንት ይተላለፍ፣ ጋቢው ይደርሳል፣ ብዬ ለመንኳት። ዳንኤልም ካህኑ እሺ ይላሉ፣ በዚህ በረዶ ማንም አይፈርድብንም አለ።

ሰናይት ራሷን ነቀነቀች። "አይሆንም። ነገ ሰማንያዋ ነው፣ ቀኗ አያልፍባትም።" ከዚያ እጄን ያዘች። "የእናቴ ቀብር ላይ መድረስ ያልቻልኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ጋቢ ዘገየ ብዬ አንቺን አልቀየምም።"

ይህን ብላ መታጠቢያ ቤት ገባች። ውሃው ረጅም ጊዜ ሲወርድ ሰማን። ዳንኤልና እኔ እርስ በርስ ሳንተያይ ሕፃኗን አጫወትናት። ይቅር መባል እንዲህ እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ዳንኤል መኪናውን መቆፈር ጀመረ። ከላይኛው ፎቅ የሚኖር፣ ስማቸውን እንኳን የማያውቅ አሜሪካዊ ሽማግሌ በመስኮት አይቶት አካፋ ይዞ ወረደ። እኔም የሱፍ ካልሲዬን ለብሼ በድስት ክዳን መስታወቱን ፋቅሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ከተጠሩት ሰዎች የመጡት ስድስት ናቸው። ካህኑ ከቀሚሳቸው ሥር የጎማ ቦት ጫማ አድርገው፣ ጢማቸው ላይ በረዶ ይዘው መጡ። የመጠመቂያው ውሃ ለብ እንዲል በማንቆርቆሪያ የፈላ ተጨመረበት። ሰናይት ለሰማንያ ቀን ያልረገጠችውን ደጃፍ ስትረግጥ ክንዴን ያዘች። ደግፌ አስገባኋት።

ወለተ ሥላሴ ተባለች። ከውሃው ስትወጣ በኃይል አለቀሰች፣ እኔም ክንዴን ዘረጋሁ። ያለኝ የራሴ ነጠላ ነው፤ ፍራንክፈርት የተንተራስኩት፣ ብርቱካን በዋዜማው ጠዋት አጥባ የቤቱ ማሞቂያ ሂተር ላይ ያደረቀችልኝ። በእሱ ጠቀለልኳት። ንጹሕ ነው፣ ነጭ ነው፣ ማንም ምንም አላለም። ሰናይት ግን ነጠላውን አየችና ከንፈሯን ነከሰች፤ ከዚያ ለእኔ ስትል ፈገግ አለች። እኔም የሕፃኗን እግር በነጠላው ሸፈንኩ።

እሑድ መንገዱ መከፈት ጀመረ፤ የአደራ ባለቤቶችም መጡ። ከሮክቪል፣ ከሎረል፣ አንዱም ባዶ እጁን አልመጣም፤ ዶሮ ወጥ፣ ድፎ ዳቦ፣ የሕፃን ልብስ፣ ለእኔ ደግሞ ቦት ጫማ። የእናቱን ሽሮ እያሸተተ ዓይኑ ውሃ የሞላ ጎልማሳ ነበር። ሙሽራዋ ቀሚሷን ስትቀበል አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሁሉም መረቁኝ። ሁሉንም አደራ በየባለቤቱ እጅ አስገባሁ፤ ሻንጣዎቹ ባዶ ሆኑ። ሰናይት ለእንግዶቹ ሁሉ ስታቀርብ ዋለች፤ አንድ ጊዜም ስለ ጋቢው አላነሳችም።

ሰኞ ዳንኤል ሥራ ገባ። ሰናይት ምሳ ከበላን በኋላ ልጇን አጥብታ ሰጠችኝና ሶፋው ላይ ጋደም አለች፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ዳንኤል እንደነገረኝ ከወለደች ጀምሮ የረባ እንቅልፍ አልተኛችም። እናቷ ከሞተች ጀምሮም ይሆናል።

በሩ በቀስታ ተንኳኳ። ጌታሁን ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፣ ካርቶኑ ትከሻው ላይ ነው። ቅዳሜም እሑድም ካርጎ ቤቱ ሄዶ ኖሯል። ጭነቱ የገባው ሰኞ ጠዋት ነው፤ ሲራገፍ እዚያው ቆሞ ጠብቆ፣ ቁጥሩን አይቶ፣ በሁለት ባቡር ተሸክሞት መጣ። ግባ ብለው ሺፍት አለብኝ አለ። ካርቶኑን ከትከሻው ሲያወርድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እትዬ፣ ለእማዬ አይንገሯት፤ ታዝናለች" አለኝ።

ቃል አልገባሁለትም። ፋናዬ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅሽ ግን የእህቴን ፈትል በበረዶ ውስጥ ተሸክሞ እንዳመጣ ማወቅ አለብሽ ብዬ ነው የጻፍኩት።

የካርቶኑ ጥግ ተጨፍልቋል፣ ግርጌው እርጥብ ነው። ሕፃኗን አልጋዋ ላይ አስተኝቼ በወጥ ቤት ቢላዋ ከፈትኩት። የሕፃን ልብሶቹ ደህና ናቸው። ጋቢው በአንድ ጠርዙ ረጥቦ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ሂተሩ ላይ ዘርግቼ እያገላበጥኩ አደረቅሁት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል። ሲሞቅ አጥፌ ለሕፃኗ ላስቀምጠው ነበር የፈለግሁት። የተፈተለው ለእሷ ነው። ቀኗ ቢያልፍም የእሷ ነው።

ዞር ስል ሰናይትን አየኋት። በብርዱ ተኮራምታለች፣ እግሮቿ ባዶ ናቸው፣ እጆቿን በጉልበቷ መሐል ከትታለች። የስድስት ዓመት ልጅ ሆና እንዲህ ነበር የምትተኛው፤ የሺ ስታልፍ ስታገድም ታለብሳት ነበር። ሙሉውን ሥራው ማለቷ ትዝ አለኝ። ጋቢውን ከነሙቀቱ ዘርግቼ ከትከሻዋ እስከ እግሯ አለበስኳት፤ ተርፎ ምንጣፉን ነካ።

ሦስት ሰዓት ተኛች። ሕፃኗን ታቅፌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መጥረጊያው መኪና ሁለት ጊዜ በመስኮታችን ሥር አለፈ፣ አልሰማችም። ስትነቃ ዓይኗን ሳትገልጥ ጠርዙን በጣቷ ዳበሰችው፣ ፈትሉን ወደ ፊቷ ሳበችው።

"ማን ነው ያለበሰኝ?" አለች።

"እናትሽ ናት" አልኳት።